የማኅበረሰብ ነርስና የሆስፒታሉ በር

በሕፃናት ሆስፒታሎች «ኬዝ ማኔጀር» የምትባለው፣ የታመመውን ልጅ ከአልጋው እስከ ቤቱ የምትከታተለው ነርስ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ ተግባራቸውም ከጤና ጣቢያው ወጥቶ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤቱ መጎብኘትን ይጨምር ነበር። ሆኖም ይህ ልማድ ወደ ሆስፒታል አልተሻገረም። በእኔ አስተያየት ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ባኮ ሳለሁ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ አጋጠመኝ። 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ታክሟል፤ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንዲወጋም ታዟል። ትእዛዙ የተጻፈበት ወረቀት ግን በእናቱ ነጠላ ጫፍ እንደተቋጠረ ከረመ። መርፌው በቅርባቸው ባለው ጤና ጣቢያ ነበረ፤ ለጤና ጣቢያው ያሳወቀ ግን አልነበረም። ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ ትንፋሽ አጥሮት በጀርባው መተኛት ተስኖት ነበር።

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከቀጠሮ የቀረውን ሕመምተኛ የሚፈልጉ ኬዝ ማኔጀሮች በየጤና ተቋሙ ተመድበዋል። የዚያ ልጅ ስም ግን በማንም የቀጠሮ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር።