ኮሶ የለመደ አገርና የየዕለቱ ኪኒን



መድኃኒት ለበሽታ ጠላት ነው እንጂ ለበሽተኛው ሁልጊዜ ለስላሳ ወዳጅ አይደለም። ይህን እውነት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ያውቁት ነበር፤ ኮሶ እየጠጡ ያደጉ ናቸውና። እኛ ግን ዛሬ ከሐኪም ቤት የምንቀበለው ኪኒን ትንሽና ለመዋጥ የማያስቸግር ስለ ሆነ፣ ከዋጥነውም በኋላ ምንም የማያስቸግር ይመስለናል። ባስቸገረንም ቀን ተታለልን ብለን እንጥለዋለን።

ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት የተነሣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በደም ብዛት መድኃኒት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ አንድ ሽማግሌ የወር ኪኒናቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ እንበል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደረቅ ሳል ይጀምራቸዋል፤ ወይም ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል። ያን ጊዜ «ደኅና ሰው ነበርሁ፤ በሽታ ሰጡኝ» ይሉና ኪኒኑን ይተዉታል። ሽማግሌውን አላዋቂ ናቸው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገሩን በታሪክ ስንመረምረው ግን አሳባቸው ከድንቁርና ሳይሆን ከአሮጌ ዕውቀት የመነጨ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ያ ዕውቀት ምን እንደ ነበረ፣ የትኛው ክፍሉ ዛሬም እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚያሳስት ለይተን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ከነርሱ በላይ ወደ ጮቄ የሚወጣው ደጋ ለኮሶ ዛፍ የሚስማማ አገር ነው። በዚሁ አገር ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም በትምህርታቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። እንደነዚህ ካሉት ጉባኤ ቤቶች የሚወጡ ደብተራዎች ከቅኔውና ከዜማው ጋር የቅጠልና የሥር ነገርም ይማሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል አይጠፋም። መድኃኒቱም ከሴቴው የኮሶ ዛፍ የሚለቀመው አበባ ነው፤ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ በጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ መብላቱ ስለማይቀር ትሉም ስለሚመለስ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ መጠጣት የተለመደ ነበር። በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ለአውሮፓ ሰዎች አስታወቀ። በሚከተለው ዓመት ግመሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ለዛፉ «ሃጌንያ» የሚለውን የሳይንስ ስም አወጣለት። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። በአገራችን ግን ኮሶ ሻጭነት እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጠር ስለ ነበር፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ።

ኮሶ ትሉን ሲያስወጣ ጠጪውንም አይምርም። ያቅለሸልሻል፤ ያስመልሳል፤ ሆድን ይቈርጣል፤ ጉልበትን ያደክማል። ከልክ ሲያልፍ ዓይንን እስከ ማሳወር፣ ሕይወትንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለእርጉዝ ሴት አደገኛ መሆኑም የታወቀ ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ይህን ሁሉ እያወቀ እንዴት ቻለው? ሥርዓት አበጅቶለት ነው። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ይመርጣል፤ በዚያ ቀን ሥራ አይዝም፤ እንግዳ አይቀበልም። ሰው ሊጠይቀው ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባልለታል፤ ጌታም ቢሆን ጎረቤት ምክንያቱን ያከብራል እንጂ አይቀየምም። ለአዋቂ የሚበቃው መጠን ለልጅ አይሰጥም። መድኃኒቱም በርትቶ የጎዳው እንደ ሆነ ማርከሻ ይፈለግለታል። ዛሬ ሐኪሞች «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚሉትን ነገር የጎጃም ገበሬ በሥራ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ኮሶ ሁለት ሌሎች አሳቦችንም አስተምሮናል። አንደኛው፣ በሽታ የሚታይ ነገር ነው፤ ትሉ ሲወጣ መድኃኒቱ መሥራቱ በዓይን ይረጋገጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ መከራው የአንድ ቀን ነው፤ ዛሬ ተቸግሮ ነገ መገላገል ነው የሚለው ነው። ለኮሶ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለደም ብዛት ግን ሁለቱም ሐሰት ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ደም ብዛት» ሲባል በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከመጠን በላይ የሆነ ይመስላል፤ ከዚህም የተነሣ በዋግምት ደም ማስወጣት መድኃኒት የሚመስለው ሰው አለ። በእውነቱ ግን የሚበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህ ግፊት ለብዙ ዓመታት ያለ ሕመም ሊኖር ይችላል። ሰውየው ይበላል፣ ያርሳል፣ ይዳኛል፤ ልቡ፣ ኩላሊቱና የአንጎሉ ሥሮች ግን በስውር ይጎዳሉ። ብዙ ጊዜ በሽታው መኖሩ የሚታወቀው ሰውየው በድንገት ሲወድቅና ግማሽ አካሉ ሲደነዝዝ ነው።

መድኃኒት ባልነበረ ጊዜ ይህ በሽታ የሚያደርሰውን ለመረዳት አንድ የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። በየካቲት 1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአሜሪካንን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን በግብፅ፣ በመራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ተገናኝተዋቸው ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1945፣ ሩዝቬልት በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። በዚያን ቀን ሐኪማቸው የለካው የደም ግፊት 300 በ190 ነበር። የኃያል መንግሥት መሪ ሆነው ሳለ ሐኪሞቻቸው ለግፊቱ ሊያዝዙላቸው የቻሉት ከዕረፍት፣ ጨው ከመቀነስና ከማስታገሻ ብዙም የሚያልፍ አልነበረም። ዛሬ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታል የሚታዘዙት ኪኒኖች በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን አልነበሩም።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ሲመጡ ደግሞ እንደ ኮሶ ብርቱዎች ነበሩ። በ1950 ገደማ የተጀመረው ሄክሳሜቶኒየም ግፊቱን ቢያወርድም፣ በሽተኛው ከተቀመጠበት ሲነሣ ራሱን ያዞረው ነበር፤ አፉና ሆዱም ይደርቁ ነበር። ከሕንድ አገር ዕፅ የተገኘው ሬሰርፒንም በ1952 በስዊስ አገር ተነጥሎ ወጣ። የዕፁን ጥቅም ግን ሴንና ቦዝ የተባሉ የሕንድ ሐኪሞች በ1931፣ የቦምቤው ሐኪም ቫኪልም በ1949 አስቀድመው ጽፈውት ነበር። ሬሰርፒን አፍንጫ ይደፍናል፤ እንቅልፍ ያበዛል፤ አንዳንዱንም ሰው በብርቱ ትካዜ ላይ ይጥለዋል ተብሎ ይከሰስ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ካስቸገረ መታገሡ ጥቅም ነበረውን? ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የተገኘው በ1967 በአሜሪካ አገር በኤድዋርድ ፍሪስ መሪነት በተደረገው ምርመራ ነው። ግፊታቸው እጅግ ከፍ ያለ 143 ወንዶች በሁለት ወገን ተከፈሉ። ለ73ቱ ሬሰርፒን ያለበት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለ70ዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ባላገኙት ላይ 27 ከባድ ጉዳቶች ሲደርሱ፣ ባገኙት ላይ የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። የሚያስቸግር መድኃኒት ከማያስቸግር በሽታ እንደሚሻል ይህ ቍጥር በቂ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ችግሩን እየቀነሱ የመሄድ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሽንት የሚያበዙት ኪኒኖች መጡ። በ1964 ጄምስ ብላክ የልብን ምት የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎል አስገኘ። በ1965 ብራዚላዊው ፈሬይራ በአገሩ እፉኝት መርዝ ላይ ያደረገው ምርመራ መንገድ ጠርጎ፣ በ1981 ካፕቶፕሪል በአሜሪካ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የዚሁ ዘመድ ነው። ከዚህ ወገን የሆኑት ኪኒኖች ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ ሳል እምብዛም የማያመጣው ሎሳርታን በ1995 ተከተለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሳሉን የተናገሩ በሽተኞች ባይኖሩ ኖሮ ሐኪሞች ሳሉ ከመድኃኒቱ መሆኑን ባላወቁም ነበር። ዝም ብሎ ኪኒኑን የጣለ ሰው ግን ራሱንም ሌላውንም አልጠቀመም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ሳል ቢይዘው ለሐኪሙ ይንገር፤ ሌላ ይለወጥለታል። ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ቢያብጥ ግን ኪኒኑን አቁሞ ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። እርጉዝ ሴት ይህን ወገን መውሰድ አይገባትም። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ቢያሳብጥ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጣል፤ ከእብጠቱ ጋር ትንፋሽ ቢያጥር ወይም አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በጧት ቢወሰድ የሌሊት እንቅልፍ አይነሳም። ፕሮፕራኖሎል ድካምና የእጅ መቀዝቀዝ ያመጣል፤ አስም ላለበት አይስማማም፤ በድንገት ማቋረጡም ለልብ አደጋ ነው። ሲነሣ ራሱን የሚያዞረው ሰው መጀመሪያ በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጥቂት ይቈይ፤ ካልተወውም ግፊቱን ያስለካ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከየሱቁ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ እንደሚያደርጉና ኩላሊትን እንደሚጎዱም አይዘንጋ።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አንባቢዎች በዚህ ነገር ሁለት ኃላፊነት አለባችሁ። አንዱ ለራሳችሁ ነው። ረዥም ስብሰባ አለብኝ፣ ወይም ከደጀን እስከ ሞጣ በአውቶቡስ ልጓዝ ነው ብላችሁ ሽንት የሚያበዛውን ኪኒን የምትዘሉ ካላችሁ፣ ሰዓቱን ስለ መለወጥ ሐኪም አማክሩ እንጂ በገዛ ሥልጣናችሁ አትሰርዙት። ሁለተኛው በአገር ቤት ላሉት ወላጆቻችሁ ነው። ስልክ ስትደውሉ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብትሏቸው «አዎን» ይሏችኋል። ይልቁንስ «መድኃኒቱ ምን ያደርግዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሽማግሌ ከልጁ ዕድሜ ለማያልፍ ሐኪም ድካሙን መናገር ያፍራል፤ በትዳር መኝታ የሚደርስበትን ድክመትማ ጨርሶ አያነሣም። ይህም ከአንዳንዶቹ ኪኒኖች የሚመጣ፣ መፍትሔም ያለው ነገር ሲሆን፣ በይሉኝታ ምክንያት መድኃኒቱ በስውር ይጣላል። ደግሞም ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ካለው ግጭት የተነሣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ኪኒኑ ሊያልቅ ሳይቃረብ አስቀድሞ ማስሞላት ይገባል።

ከኮሶ ዘመን የምንወርሰው እንግዲህ የትኛውን ነው? «ትሉ ካልታየ በሽታ የለም፤ ችግሩም ያንድ ቀን ነው» የሚለውን እንተወው፤ የዛሬው በሽታ አይታይም፣ መድኃኒቱም የዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን መጠኑን ማክበርን፣ ማርከሻ መፈለግን፣ ከሁሉም በላይ ሳያፍሩ መናገርን እንያዝ። የቀድሞው ሰው «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ብሎ ለቤቱም ለጌታውም በግልጽ ሲናገር አላፈረም፤ ቤተ ሰቡም አልሳቀበትም። የደም ብዛት ኪኒን የሚውጥ ሰውም «መድኃኒቱ ይህን ይህን አድርጎኛል» ብሎ ለሐኪሙና ለልጆቹ ለመናገር የሚያፍርበት ምክንያት የለም።