በሐረር ከተማና በጀጎል ውስጥ አነስተኛ የስፓ አገልግሎት ለመክፈት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የማሳጅ፣ የፊትና የቆዳ እንክብካቤ፣ የሂናና ተመሳሳይ አገልግሎቶችን በአንድ ቤት አጣምሮ የሚሰጥና ደንበኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተገልግሎ የሚሄድበት ድርጅት በተለምዶ ስፓ ይባላል። በሐረር ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ንግድ ፈቃድ ነው። ይሁን እንጂ ከፈቃዱ አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ የቤቱ ጉዳይ ነው። የተጓደለ ማመልከቻ በሌላ ቀን ተሟልቶ ሊቀርብ ይችላል፤ ለሥራው በማይስማማ ቤት ላይ የወጣ የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቧንቧና የሴራሚክ ወጪ ግን አይመለስም። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ስለ ቤቱ ሰፋ አድርጎ ያብራራል።

ቤቱ በጀጎል ውስጥ ከሆነ

የጀጎል ግንብና በውስጡ ያለው ታሪካዊ ከተማ በ1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ግንቡን፣ መስጊዶቹንና አውራ በሮቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የመኖሪያ ቤቶቹ አሠራርና የመንደሮቹ አቀማመጥም የቅርሱ አካል ናቸው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና፣ እድሳት ወይም ለውጥ አስቀድሞ ፈቃድ ሊሰጥበት ይገባል። ስለዚህ ግድግዳ ለማፍረስ፣ አዲስ መስኮት ለመክፈት፣ በግቢ ውስጥ ክፍል ለመጨመርም ሆነ በጣሪያ ላይ የውኃ ታንከር ለመስቀል ያሰበ ሰው ጉዳዩን በመጀመሪያ ለክልሉ የባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ ያቀርባል። የቤቱ ባለቤት መፍቀዱ የቢሮውን ፈቃድ አይተካም። በዚህ ነጥብ ላይ ተከራዮች በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ።

ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ማለትም ጌይ ጋር፣ በድንጋይና በጭቃ ማጣበቂያ የተገነባ፣ ጣሪያውን እንጨት የሚሸከመው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሳበውን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ በመልቀቅ ይኖራል። በሲሚንቶ ተለስኖ ሴራሚክ ከተለጠፈበትና በየዕለቱ እንፋሎት ከገባበት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ጉዳቱ በመጀመሪያው ዓመት ላይታይ ይችላል። በሚታይበት ጊዜ ደግሞ የጎረቤቱም ቤት ይነካል፤ በጀጎል ብዙ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉና።

ይህ ማለት በጀጎል ስፓ መክፈት አይቻልም ማለት አይደለም። ደረጃ በደረጃ የተሠሩት ነደባዎች፣ በግድግዳው ላይ ያሉት ጣቃዎችና የተሰቀሉት የስፌት ሥራዎች ያሉበት ሳሎን እንግዳ ለመቀበል፣ ሂና ለመቀባት፣ የፊት እንክብካቤ ለመስጠትና ከአገልግሎት በኋላ ሻይ ይዞ ለማረፍ እጅግ የተመቸ ነው። ለእነዚህ አገልግሎቶች ቤቱን መለወጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ደንበኛውን የሚስበው ቤቱ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። ከነባሩ ቤት ተለይቶ መቀመጥ ያለበት እንፋሎቱና ሻወሩ ነው። ተመራጩ አማራጭ ደረቅ አገልግሎቶችን በጀጎል፣ እርጥብ አገልግሎቶችን ደግሞ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ በዘመናዊ ግንባታ ውስጥ መስጠት ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ማድረግ የሚፈልግ ባለሀብት ግቢው በኋላ የተጨመረ የአገልግሎት ክፍል ያለው መሆኑን አጣርቶ፣ ንድፉን ለቅርስ ባለሙያ አሳይቶ ይወስናል።

የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለሙያ ቤቱን እንዲያየው ማድረግ፣ በውሉም ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይመከራል፦ የቅርስ፣ የጤና ቁጥጥር ወይም የንግድ አካል ቤቱን ለታሰበው አገልግሎት ካልፈቀደው ውሉ እንደሚቋረጥና ያልተኖረበት ጊዜ ኪራይ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንቀጽ። በዚህ የሚስማማ አከራይ ማግኘት ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ቢሆንም መጠበቁ ይሻላል።

ውኃ፣ ፍሳሽና ኤሌክትሪክ

ሐረር ለረጅም ጊዜ ውኃ ታገኝ የነበረው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ በኋላ ከተማዋ በአብዛኛው በድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ቆላ ከጉድጓድ በሚሳብ ውኃ ላይ ተመሥርታለች። ውኃው ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በፓምፕ ተገፍቶ ስለሚመጣ ኃይል ሲቋረጥ ወይም ፓምፕ ሲበላሽ ሥርጭቱ ይስተጓጎላል። በመሆኑም ውኃ በየቀኑ ይመጣል በሚል ግምት የተዘጋጀ የሥራ ዕቅድ በሐረር ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ሂሳቡን በቀላሉ መሥራት ይቻላል። አንድ ደንበኛ ለሻወርና ለእንፋሎት 60 ሊትር ቢጠቀም፣ በቀን 10 ደንበኞች 600 ሊትር ይወስዳሉ። ፎጣና አንሶላ ለማጠብ፣ ለጽዳትና ለመጸዳጃ ሌላ 400 ሊትር ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 1,000 ሊትር ይሆናል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንግዲህ የአምስት ቀን ስንቅ ነው። ሆኖም የዚህ ሮቶ ውኃ ብቻውን 5 ቶን ይመዝናል፤ በነባር ቤት ጣሪያ ላይ ፈጽሞ የሚወጣ ሸክም አይደለም። መሬት ላይ በጽኑ መደብ ተቀምጦ በአነስተኛ ፓምፕ ግፊት እንዲሰጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ፍሳሹም ከዚህ ያላነሰ ጥንቃቄ ይሻል። በቀን 1,000 ሊትር የሚጠቀም ድርጅት ከዚያ ብዙም የማያንስ ፍሳሽ ያመነጫል። ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደውን ዋና መንገድ ከመሰሉት በስተቀር አብዛኞቹ የጀጎል መተላለፊያዎች ለእግረኛ የተሠሩ ጠባብ መንገዶች በመሆናቸው የፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ሊገባባቸው አይችልም። ቤቱን ለማየት የሄደ ሰው ቦቴው ከየት ድረስ እንደሚደርስና ቱቦው ምን ያህል እንደሚረዝም በእግሩ ለክቶ ቢመለስ መልካም ነው። ዘይትና ሳሙና የበዛበትን ፍሳሽ ወደ መተላለፊያው መልቀቅ በጎረቤት አቤቱታ ድርጅቱን ሊያዘጋ ይችላል።

የእንፋሎት ማመንጫን በተመለከተ፣ 6 ኪሎዋት የሚጠቀም መሣሪያ በ220 ቮልት መስመር ወደ 27 አምፔር ይስባል። ይህ ለመኖሪያ ቤት ከተዘረጋ ተራ መስመር አቅም በላይ ሊሆን ስለሚችል መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢው ማዕከል ቀርቦ የቆጣሪውን አቅም ማረጋገጥ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሦስት ፌዝ ቆጣሪ መጠየቅ ይገባል። እርጥብ ክፍል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መሬት የገባ መስመር ሊኖረው ግድ ነው።

ምዝገባና ፈቃድ

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አሰጣጥ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ነው። አመልካቹ በግለሰብ ነጋዴነት ወይም በማኅበር ሊመዘገብ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ የግል ንብረቱን ከድርጅቱ ዕዳ መለየት የሚፈልግ ሰው ይህን አማራጭ ቢመለከተው ይጠቅመዋል። የሒሳብ አያያዝና የአስተዳደር ግዴታው ግን ከግለሰብ ነጋዴ ይበልጣል፤ ሁለት አልጋ ይዞ ለሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የግለሰብ ምዝገባ ይበቃል።

ማመልከቻው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ሥርዓት ወይም በአካል በክልሉ የንግድ ዘርፍ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል አስቀድሞ ማዘጋጀት ምልልስን ይቀንሳል። የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ የተለያዩ መሆናቸውም መታወቅ አለበት፤ የንግድ ምልክት ጥበቃ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

አመልካቹ በማመልከቻው ላይ የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች በሙሉ መዘርዘር ይኖርበታል። ፀጉር ሥራ፣ ማሳጅና የእንፋሎት መታጠቢያ በአንድ ቤት ቢሰጡም በፈቃድ መደብ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥራው ከሰው አካል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጤና ነክ ተቋማትን የሚቆጣጠረው የክልሉ የጤና ዘርፍ አካል የሚፈልገውን መስፈርት በጽሑፍ ጠይቆ መውሰድና ክፍሎቹን በዚያ መሠረት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማሳጅ ሕክምና አይደለም፤ የወገብ ሕመም ወይም ስብራት እንደሚድን የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፍ ተገቢ ካለመሆኑም በላይ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። የሚሰቀለውን ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች በሆኑት በሐረሪና በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ለተገልጋዩ አክብሮት ነው።

የውበት ሳሎን ሥራ በኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ከተከለሉት መስኮች አንዱ ነው። ሆኖም በውጭ የሚኖሩና ዜግነት የቀየሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ይዘው እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊስተናገዱ ይችላሉ። ከአገር ውጭ ሆነው ከቤተሰብ ጋር በጋራ ለመክፈት የሚያስቡ ሐረሪዎች ይህን ቀድመው ቢጨርሱ ይመከራል።

ንጽሕናና የደንበኛ ደኅንነት

ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ በማይበሳ መያዣ ይጣላል። የጥፍር መቁረጫና መሰል የብረት ዕቃዎች በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ። አምስት በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በመቀላቀል ይህ መጠን ይገኛል። በረኪና ብረትን ስለሚበላ ዕቃው ወዲያው መለቅለቅ አለበት። ቆዳ የሚያደሙ ዕቃዎች በዚህ አይበቃቸውም፤ በአውቶክሌቭ መቀቀል ይኖርባቸዋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ንጹሕ ፎጣና አንሶላ መቅረቡ ሊታለፍ የማይገባው ዝቅተኛ ግዴታ ነው።

ሂና በሐረር ከሠርግና ከበዓል የማይለይ በመሆኑ ለስፓው ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የጠቆረ ሂና ብዙውን ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ይህ ኬሚካል ቆዳን ሊያቃጥልና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂ ሊተው ይችላል። ሙሽራ ቀለሙ እንዲጠቁር ብትጠይቅም ባለሙያዋ አደጋውን አስረድታ እንቢ ማለት ይገባታል። ቅባትና ክሬም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠራቸው መዋቢያዎች ስለሆኑ አምራቹና የማብቂያ ጊዜው ያልተጻፈባቸውን መግዛት አይገባም። በተለይ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማንጫዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ።

በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች የተለመደውን የወይባ ጢስ ማካተት የሚፈልጉ ድርጅቶች አሉ። ከሰል በዝግ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን ሳያነቃ ይገድላል። ስለዚህ ጢስ የሚሰጥበት ክፍል ከላይና ከታች የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ሊኖረው፣ በሩም ከውስጥ የማይቆለፍ ሊሆን ይገባል። በእንፋሎት ክፍልም ቢሆን ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ መጠየቅና መልሳቸውን መመዝገብ ተገቢ ነው።

ሠራተኞችና የሥራ ሰዓት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርንም ይከለክላል። በወሊድ ምክንያት 120 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች በሚሆኑበት በዚህ ሥራ የወሊድ ፈቃድን በበጀት ውስጥ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዟ 6,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ ይህ 420 እና 660 ብር ማለት ነው። ሠራተኛዋ በደንበኛ ከሚደርስባት ትንኮሳ እንድትጠበቅ አገልግሎት የማቋረጥ መብት እንዳላት በግልጽ መለጠፍ ይበጃል።

በሐረር የሴቶችና የወንዶች አገልግሎት በክፍልና በመግቢያ ካልተለየ፣ ቢያንስ በቀን ካልተከፈለ፣ ድርጅቱ ብዙ ደንበኛ ያጣል። ማሳጅም በተመሳሳይ ጾታ ባለሙያ ቢሰጥ ይመረጣል። በረመዳን የቀኑ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ከዒድ በፊት ባሉት ቀናትና በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሰሞን ግን ፍላጎቱ ይጨምራል። የሠርግ ወቅትም እንዲሁ ነው። ስለ አዲስ ድርጅት ወሬው የሚዳረሰው ከማስታወቂያ ይልቅ በሴቶች አፎቻ በኩል ነውና የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች በጥሩ ሁኔታ ማስተናገድ ትልቅ ዋጋ አለው።

ገንዘብና ግብር

ለአንድ ማሳጅ 60 ደቂቃ፣ ለጽዳት 20 ደቂቃ ቢታሰብ በ9 ሰዓት ውስጥ አንድ አልጋ ስድስት ሰው ያስተናግዳል፤ ሁለት አልጋ 12 ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ ግማሹን ማግኘት መልካም ውጤት ስለሆነ ኪራይና ደመወዝ በስድስት ደንበኛ ገቢ መሸፈን አለባቸው። በ12 ደንበኛ የተሠላ ዕቅድ ይዞ ወደ ባንክ መሄድ አይመከርም።

ቤት ወይም መኪና የሌለው ተበዳሪ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የእንፋሎት ማመንጫንና መሰል ዕቃዎችን በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣነት ሊያቀርብ ይችላል። ወለድ ለማይፈልጉ አመልካቾች ከወለድ ነፃ ባንኮች ዕቃውን ገዝተው በትርፍ የሚሸጡበት አሠራር አለ። የግብር ከፋይነት ደረጃ የሚወሰነው በዓመታዊ ገቢ ሲሆን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባና የደረሰኝ አጠቃቀም ግዴታ ከዚያው ጋር ተያይዞ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይገለጻል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ይገባል።

ፈቃዱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ የግብር ክሊራንስ ቀርቦበት ያለ ቅጣት ይታደሳል። ሥራውን ያቆመ ነጋዴ ቤቱን ዘግቶ መሄድ ብቻ አይበቃውም፤ ፈቃዱን ካልመለሰ የግብር ግዴታው በስሙ እየተቆጠረ ይቀጥላል።