የኔታ፣ ማረሻውና ሦስቱ ዲያቆናት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት አገልጋዮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ደወል ቢደወል፣ ሕዝብ ቢሰበሰብ ቅዳሴ የለም። ይህ ቀላል የሚመስል ቁጥር በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ሲወስን ኖሯል። ቀሳውስቱ ጎልማሶች ወይም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዲያቆናቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ አግብቶ ይቀስሳል፣ ወይም አገር ጥሎ ይሄዳል። በየጥቂት ዓመቱ ሌሎች ሦስት ልጆች ካልተተኩ የቤተ መቅደሱ በር ይዘጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣት ማስተማር በአገው ምድር ለቤተ ክርስቲያን የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ አያውቅም። እነዚህን ልጆች የሚያወጣቸው መምህር ማን ነው? ከማስተማሩ ሲመለስ ወደ ምን ዓይነት ቤት ይገባል? ከሁሉም በላይ ደግሞ እሱን ማን ያበላዋል? ታሪካችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጳጳሳት ብዙ ጽፏል። ፊደል ስላስቆጠረው ሰው ጓዳ ግን የጻፈው ጥቂት ነው።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት «የወጣቶች ፓስተር» የሚባል ራሱን የቻለ አገልግሎት አለ። የሰንበት ትምህርት ቤትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም በተለምዶ የሚጠቅሱት እንግሊዛዊውን ሮበርት ሬይክስን ነው። ሬይክስ እ.አ.አ. በ1780 በግሎስተር ከተማ፣ ስድስቱን ቀን በሥራ የሚደክሙ ድሃ ልጆች በሰባተኛው ቀን ማንበብ እንዲማሩ ትምህርት ቤት አስከፈተ። በእኛ ገጠር ግን ሥራው በአንድ ስም አይጠራም። ፊደል የሚያስቆጥሩት የኔታ ናቸው፤ ልጁን ክርስትና የሚያነሡትና ቤተሰቡን የሚያስታርቁት ቄስ ወይም የነፍስ አባት ናቸው። ብዙ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ያም ሰው ገበሬ ነው።

የኔታ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣሉ። ልጆቹ ከብት ከማሰማራታቸው በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ወይም በየኔታ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። ሀሁ ይቆጠራል፤ አቡጊዳ ይከተላል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ መልእክት ንባብ ይመጣል። ልጁ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት እስኪደግም ይዘልቃል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ የኔታም ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። ስሕተት ሲሰሙ ባሉበት ሆነው ያርማሉ። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። መብራት በሌለበት ጨለማ ውዳሴ ማርያምና ሌላውም ጸሎት በቃል ይጠናል። የቃል ትምህርት ዘይት አያስፈልገውም።

በአዊ ይህ ትምህርት ሌላ ሸክም ነበረበት። እናት ልጇን የምትጠራው በአዊኛ ነው፤ የኔታ የሚገሥጹት በአማርኛ ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ግእዝ ነው። አንድ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት እረኛ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳል ማለት ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መምህር ይህን መንገድ ራሱ ሄዶበታልና ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል። ከየኔታ ሥራዎች አንዱ፣ ማንም ሳይቆጥርላቸው፣ ይህ አስተርጓሚነት ነበር።

ዳዊት የደገመ ልጅ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ በአጥቢያው ቅዳሴ ተምሮ መደቆን ነው። ሁለተኛው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጃፉ እየለመነ ሩቅ አገር መማር ነው። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። የዚህን ተማሪ ኑሮ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በበዛብህ አማካይነት ለመላው አንባቢ አሳይተውታል። ደራሲው ራሳቸው የጎጃም የቄስ ልጅና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ነበሩና የሚጽፉትን ያውቁ ነበር።

ዲቁና ለመቀበልም መንገዱ ረጅም ነበር። ማዕርግ የሚሰጠው ጳጳስ ብቻ ነው፤ ለብዙ ዘመን ደግሞ ለመላ አገሪቱ ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ አንድ ነበር። በ1870ዎቹ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጊዜ አራት ጳጳሳት ሲመጡ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ደረሱ። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሾሙም ከአራቱ አንዱ አቡነ አብርሃም ለጎጃም ሆኑ። ይህ በታሪክ መጻሕፍት የሚነገረው ስለ ነፃነትና ስለ እስክንድርያ ነው። ለአንድ የገጠር አባት ግን ነገሩ ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ልጁ ለዲቁና የሚጓዝበት የእግር መንገድ አጠረ።

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ። በሥርዓቱ መሠረት ዲያቆን ሚስት የሚያገባው ከመቅሰሱ በፊት ነው። በቁርባን ያገባል፤ የሚያገባውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከቀሰሰ በኋላ ሚስቱ ብትሞት ሌላ ማግባት አይችልም። ወይ ይመነኩሳል፣ ወይም ሌላ አግብቶ ክህነቱን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከመቅደስ ውጭ በማኅሌት ያገለግላል እንጂ አይቀድስም። ሐኪም ቤት በሌለበት፣ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስብ። የቄስ ሚስት ምጥ ሲይዛት የሚያሰጋው የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አልነበረም። እሷ ከሞተች ሕፃናቱ እናታቸውን ያጣሉ፤ አጥቢያውም ከሁለቱ ቀሳውስት አንዱን ሊያጣ ይችላል። አባትየው ከልጆቹ ማሳደጊያና ከክህነቱ መካከል ይቆማል።

በሕይወት ሳለችም የቤቱ ምሰሶ እሷ ናት። ቄሱ ሰሞነኛ በሆኑ ጊዜ ከቤታቸው ተለይተው በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ያድራሉ፤ ቀድሰው እስኪወጡም እህል አይቀምሱም። በዚያ ሳምንት እርሻውንም፣ ከብቱንም፣ ልጆቹንም የምታየው ሚስት ናት። ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ሲጾም የካህን ጾም እስከ 250 ቀን ይደርሳል፤ የጾሙን ወጥ ለይታ የምትሠራው እሷ ናት። ለሰንበቴው ጠላ የምትጠምቀው፣ ሩቅ አገር የመጣውን ተማሪ ቁራሽ የማታሳጣው እሷ ናት። በየኔታ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ግማሹ የቆመው በእሷ ወፍጮ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኔታ ራሳቸውም ማረሻ ይይዛሉ። በበዓላት ቀን አይታረስም፤ በእንጅባራ ፈረሰኞች የሚደምቁበት የጥር ጊዮርጊስ ሲደርስማ ማን በሬ ይጠምዳል? ስለዚህ ሌላው ገበሬ በስድስት ቀን የሚጨርሰውን ቄሱ በሦስትና በአራት ቀን መጨረስ አለባቸው። ቀብር ካለ ያም ቀን ይቀነሳል።

ታዲያ ደመወዛቸው ምን ነበር? መሬት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. በአገው ምድር ሲያልፍ አገሩ ለጎንደር ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳና የቀንድ ከብት የሚያቀርብ ባለጸጋ መሆኑን ጽፏል። በጎጃም ቤተ ክርስቲያንም የምትኖረው ከዚሁ አፈር ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬት የያዘ ቤተሰብ በመሬቱ ልክ አገልግሎት አለበት፤ ቄስ ወይም ዲያቆን ከቤቱ ያቀርባል፤ ከሌለው ቀለብ ሰጥቶ ሌላ ይቀጥራል። ከሩቅ የመጣው ድሃ ተማሪ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ገብቶ የሰው አገር ዲያቆን ይሆናል። መሬቱ፣ ትምህርቱና ቅዳሴው በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

ገመዱ የተበጠሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለጢሰኛው የትውልዶች ጥያቄ መልስ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ለገጠሩ መምህር ግን አዋጁ ሌላ ገጽ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ቄሱ መሬት የሚያገኙት እንደማንኛውም ገበሬ ነው፤ ለመቀደሳቸውና ለማስተማራቸው የሚታሰብ መሬት የለም። ልጁን ለዲቁና ለመስጠት ግዴታ ያለበት ቤተሰብም አልኖረም። በብዙ ቦታ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ሆነ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠሩን አዳረሰ። ፊደል የማስቆጠር ሥራ የየኔታ ብቻ መሆኑ ቀረ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አዊኛ ከመካከላቸው አልነበረም፤ የአዊ ገበሬም በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠረው እንደ ልጁ በሌላ ቋንቋ ነው።

የሚያስገርመው ለዚህ ቀን የሚሆን መጠለያ ሁለት ዓመት ቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አወጡ። በደንቡ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ምእመናን ከካህናት ጋር ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩና በመዋጮ እንዲደጉሙ የሚያደርግ ነው። በኋላ በተሻሻለው ደንብ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ከካህናቱና ከምእመናኑ ጎን መቀመጫ አላቸው። ፓትርያርኩ ግን የዘሩትን አላጨዱም። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የየኔታ እንጀራ ከመሬት ወደ መዋጮ ተሻገረ። መዋጮ ደግሞ እንደ አፈር አይደለም፤ በሰጪው ፈቃድና ኪስ የሚወሰን ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላ ዓይነት የወጣቶች መምህር ብቅ አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የመታቸው ወገኖች ሲሰፍሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተላኩ። በመተከል ፓዌ የነበሩት ተማሪዎች በዚያ ምድረ በዳ ለጸሎት ተሰባስበው በቅዱስ ሚካኤል ስም ማኅበር መሠረቱ። ወደ ፓዌ የሚወስደው መንገድ በእንጅባራና በቻግኒ የሚያልፍ ነው፤ የአዊ አርሶ አደር ጎረቤት በሆነ ቆላ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። ሌሎች ተማሪዎች በክረምት ከዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም፣ ከአቡነ ጎርጎርዮስ እግር ሥር ተማሩ። እነዚህና በ1983 ዓ.ም. በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተገናኙት ተማሪዎች በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን ለመመሥረት በቁ።

ይህ አዲሱ መምህር ከየኔታ በአንድ ነገር ይለያል። እንጀራው ከሌላ ቦታ ነው። ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ያስተምራል። ሚስቱ ብትሞት የሚያጣው ክህነት የለም። መዋጮ ቢቀር ልጆቹ አይራቡም። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ለብዙ ወጣት ቤተ ክርስቲያን ማለት ይህ መምህርና የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ነው። ነገር ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ያወጣል፣ ሰባኪ ያወጣል እንጂ ዲያቆን ለማውጣት ብቻውን አይበቃም። ሦስቱ ልጆች ዛሬም የሚመጡት ከየኔታ ደጃፍ ነው።

ያ ደጃፍ ዛሬ ብዙ ተፎካካሪ አለው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን ወዲህ አዊኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኗል፤ የአዊ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ፣ የኔታ ባስቆጠሩት በዚያው ፊደል ይማራል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። በእንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። በፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ማሳውን ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ተክሎበት ኑሮውን ለውጧል፤ ለከሰል የሚበቃ ጉልበት ያለው ልጅ ደግሞ ለዳዊት ጊዜ የለውም። ልጁን አንወቅሰውም። አባቱንም አንወቅስም።

የምንጠይቀው መጀመሪያ የጠየቅነውን ነው። ድሮ የኔታን ያበላቸው መሬት ነበር፤ መሬቱም የሌላውን ሰው ላብ ይዞ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ቀጥሎ ያበላቸው የጎረቤት መዋጮና የሚስታቸው ወፍጮ ነው። በሁለቱም ዘመን የጎደለውን የሞላችው ስሟ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው ባለቤታቸው ናት። ነገ የሚያበላቸው ማን እንደሆነ አጥቢያው ቁጭ ብሎ ሊመክርበት ይገባል። አለዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ሁለቱ ቀሳውስት መጥተው፣ ሁለቱ ልጆች ለብሰው፣ ሦስተኛው ሲጠበቅ ይረፍዳል፤ ሕዝቡም በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ወደ በሩ ያያል።