ከምጽዋ ወደብ እስከ ድሬዳዋ ጉምሩክ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከአገራቸው የወጡት መንግሥት ልኳቸው አልነበረም። በ1886 ዓድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1889 እንደ ንጉሣቸው መተማ ላይ ወደቁ። ገብረ ሕይወት ገና ሕፃን ሳሉ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄዱ። ከዚያም ሊጎበኙት ከገቡበት የጀርመን መርከብ ሳይወርዱ ቀሩ ይባላል። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጁ አሳደጋቸው። ጀርመንኛ ተማሩ፤ በርሊን ውስጥ የሕክምና ትምህርት መከታተላቸውም ይነገራል። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሲሆኑ ገና ወጣት ነበሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ጀብዱ ነው፤ አባት የሌለው ሕፃን፣ መርከቡ፣ ደጉ ባለጸጋ፣ በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ። ጀብዱው ግን የጉዞውን ፍሬ ይሸፍነዋል። በዚያ ዘመን አውሮፓን አይቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው አያጣም፤ የብረት ድልድዩ፣ የኤሌክትሪክ መብራቱ፣ የመንገዱ ስፋት ለአንድ ክረምት ጨዋታ ይበቃሉ። ገብረ ሕይወት ይዘውት የተመለሱት ከዚህ ይልቅ ጥያቄ ነበር፦ ከማለዳ እስከ ማታ የሚደክም ገበሬ ያላት አገር ስለ ምን ደኸየች?

መልሳቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛል። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ዕውቀት ደግሞ የሥራን ፍሬ ያበዛል። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ፣ በገበያው ላይ ዋጋ በዋጋ የተለወጠ ቢመስልም፣ በሥራ ሲመዘን የጥቂት ቀን ድካም በብዙ ቀን ድካም ተለውጧል። ቡናውን፣ ቆዳውንና ሰሙን የሚሸጥ፣ የተሠራ ጨርቅና ዕቃ የሚገዛ አገር በየገበያው ቀን ጉልበቱን ያስረክባል። የባቡር ሐዲድም ቢሆን ዕውቀት ካልተከተለው ልውውጡን ከማፋጠን በቀር አያስተካክለውም። ይህ የተጻፈው የጅቡቲው ባቡር በመላው አገር የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ በሚታይበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

የዛሬ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ሲያነብ በ1950 ግድም የወጡትን የራኡል ፕሬቢሽንና የሃንስ ሲንገርን ጽሑፎች ማስታወሱ አይቀርም። ነገሩን ማጋነን ግን አያስፈልግም። እነዚያ የተነሡት ከዋጋ መዝገብ ነው፤ ለረጅም ዘመን የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ምርት ዋጋ አንጻር ሲወድቅ ተመልክተዋል። ገብረ ሕይወት የተነሡት ከሥራ መጠን ነው፤ የዋጋ ስታቲስቲክስ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሁለቱን አገሮች በአንድ ዕድሜ ውስጥ የማየት አጋጣሚ ነበር። ያደጉበት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዓለምም ለዚህ የተመቸ ነበር፤ የጀርመን መንግሥታት በ1871 አንድ ንጉሠ ነገሥት ከማንገሣቸው በፊት በ1834 ጉምሩካቸውን አንድ አድርገዋል።

የውጭ አገር ኑሮ ያስተማራቸው ሌላው ነገር ወደ ውስጥ ማየትን ነው። በ1912 አስመራ ላይ «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው ጥፋቱን በፈረንጅ ላይ ብቻ አይጥልም። ገበሬው ላይ የተተከለው ወታደር፣ ልክ ያልተቆረጠለት ግብር፣ ከንጉሡ የግል ሀብት ያልተለየው የመንግሥት ገንዘብ፣ ሁሉም በስማቸው ተጠርተዋል። ለአርአያነት የተጠቀሰችውም ጃፓን ናት። ጃፓንን በመጥቀስ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የዘመኑ ምሁራን ሁሉ ዓይን እዚያ ነበር። ይሁንና የጃፓን ተጓዦች ታሪክ በቅርብ ሲታይ ምሁራኑ ከተመኙት ሥልጣኔ ይበልጥ ስለ ራሳቸው ዕጣ ይናገራል።

በ1863 ከቾሹ ግዛት አምስት ወጣቶች በሥውር ወደ ለንደን ሄዱ። ያለ ፈቃድ ከጃፓን መውጣት በዚያ ጊዜ በሞት ያስቀጣ ነበር። ከመካከላቸው ኢቶ ሂሮቡሚ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኢቶና ኢኖዌ ካኦሩ ብዙ ሳይቆዩ በማግስቱ ዓመት ተመለሱ፤ ሌሎቹ ሰነበቱ። በኋላ ኢቶ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኢኖዌ ካኦሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ኢኖዌ ማሳሩ የባቡር ሐዲዱን ሥራ መራ፤ ያማዎ ዮዞ የምሕንድስና ትምህርትን አቋቋመ፤ ኤንዶ ኪንሱኬ የኦሳካን የገንዘብ ማተሚያ አስተዳደረ። እነዚህም መርከብ ላይ የወጡት እንደ ገብረ ሕይወት ተደብቀው ነው። ልዩነቱ ሲመለሱ የጠበቃቸው ነገር ላይ ነው። በ1868 የእነሱ ወገን ሥልጣን ያዘ፤ አዲሱ መንግሥትም ባቡሩን፣ ገንዘቡንና ትምህርት ቤቱን የሚይዝ ሰው ይፈልግ ነበር። ጃፓናውያኑ የተሻለ ጭንቅላት ነበራቸው የሚል ማስረጃ የለም፤ ወንበር ነበራቸው።

ገብረ ሕይወት ወገን አልነበራቸውም። በምኒልክ ሕመም ዘመን ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የተማረ ሰው በዚያን ጊዜ የሚቆመው በአንድ መኳንንት ጥላ ሥር ነው፤ ጥላው ሲዞር እሱም ፀሐይ ላይ ይወጣል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚህ አንጻር የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። በራስ መኰንን ቤት አድገው፣ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረው የመድፈኛ መኮንንነት ተምረው ተመለሱ። አውሬዎችን እያናገሩ የመንግሥቱን አሠራር የተቹበት ተውኔታቸው ታገደ። በ1920ዎቹ ግን ጨርጨርን እንዲገዙ ተሾሙና አሰበ ተፈሪን ቆርቁረው ግዛቱን የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ አደረጉት። የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገዋል። ሆኖም ጨርጨር አንድ አውራጃ ነበር። በ1930 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ በሕፃንነታቸው ተወስደው በሕንድ ያደጉት፣ በዚያው ወንበር ተተኩ። አገሪቱ ለተመላሾቿ የሠራችው ስፍራ ጠቦ አንዱን አውራጃ እየተቀባበሉ የሚሞክሩበት ሆነ። ከእነሱ ቀጥሎ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ከተላኩት ወጣቶች ብዙዎቹ ደግሞ ከየካቲት 1937 በኋላ በፋሺስቶች እጅ አለቁ።

ስለ ተመላሽ ሲነሣ አገር ቤት የሚሰማው ክስ ያው ነው፦ «ፈረንጅ ሆኖ መጣ»። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የአገሩን ገበሬ እንደ ሙዚየም ዕቃ የሚያይ ተመላሽ ያኔም ነበረ፤ ዛሬም አለ። ገብረ ሕይወትም አንዳንድ ጊዜ ስለ ወገናቸው አለማወቅ ሲጽፉ ቃላቸው ይከርራል። ግን ክሱ የሚመቸው ለከሳሹ ነው፤ ተመላሹን በባሕርዩ ሲመዝን፣ ለዕውቀቱ የተዘጋጀ መሥሪያ ቤት ነበር ወይ ተብሎ እንዳይጠየቅ ያደርጋል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ለገብረ ሕይወት በር ተከፈተላቸው። መጀመሪያ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ይህ ሹመት ከሌላው ሁሉ ለዕውቀታቸው የቀረበ ነበር ማለት ይቻላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። አገሪቱ የምትሸጠውና የምትገዛው ነገር በብዛት በዚያ ያልፋል። በመጽሐፋቸው ያብራሩት ልውውጥ፣ ጨርቁ ሲገባ ቡናውና ቆዳው ሲወጣ፣ በየዕለቱ ከዓይናቸው ፊት ነበር።

ቀረጡን ከፍ አድርጎ የአገር ውስጥ ሥራን መከላከል ግን በነጋድራሱ እጅ አልነበረም። በጥር 1908 ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈራረሙት ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከመቶ አሥር፣ የመጠጡ ደግሞ ከመቶ ስምንት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የፈረንሳይ ዜጎችንም ከአገሩ ዳኝነት አውጥቷል። ሌሎች መንግሥታትም በየውላቸው በኩል የዚህ ጥቅም ተካፋይ ሆኑ። ጃፓንም ይህን ቀንበር ታውቀዋለች፤ በ1866 ቀረጧ ከመቶ አምስት ላይ ታስሮባት ነበር። ኢኖዌ ካኦሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ ውሉን ለማሻሻል ለዓመታት ደክሞ አልተሳካለትም። ከእንግሊዝ ጋር አዲሱ ውል በ1894 ሲፈረም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢቶ ነበር፤ የቀረጡ ነጻነት ግን ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1911 ነው። ከለንደን ከተመለሱት ወጣቶች ሁለቱ ዕድሜያቸውን ከፈጁባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ለገብረ ሕይወት ያን ያህል ዕድሜ አልተሰጣቸውም። በ1919 በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አዲስ አበባ ላይ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1924 ነው። በዚያ ዓመትም ድሬዳዋ ላይ የሚራገፈው ጨርቅ የሚቀረጠው በክሎቡኮቭስኪ ውል መሠረት ነበር።