ተቈርጦ የሚበቅል

በቦኬ ልጆች ሳለን ከድንጋይ ካብ ሥር እንሽላሊት እናባርር ነበር። ጅራቷን ጥላ ስታመልጥ፣ ጅራቱ ለብቻው ሲንፈራገጥ እያየን እንስቃለን። ቈይታ አዲስ ጅራት አብቅላ ስትመለስ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልሁም።

ይህን የመሰለውን ነገር የጠየቀው የጄኔቭ ተወላጅ አብርሃም ትራምብሌ ነው። በሆላንድ አገር በአንድ ባላባት ቤት ሁለት ልጆች ያስተምር ነበር እንጂ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበረውም። ከኩሬ በተቀዳ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ፣ እንደ ክር የቀጠነች ፍጥረት አገኘ። ቀለሟ የተክል ነው፤ ነገር ግን ክንዶቿን ትዘረጋለች፣ ትኰማተራለች። «ተክል ከሆነች ሁለቱም ቁራጭ ይኖራል፤ እንስሳ ከሆነች ግን አይኖርም» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1740 በመቀስ ቈረጣት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱም ሙሉ ሆኑ።

እንግዲህ ተክል ናት? ኋላ ግን ትል ይዛ ስትውጥ አያት። ስለዚህ የተሳሳተው መፈተኛው ራሱ ነበር። ብዙ ሊቃውንት የሚያምኑበት ነበርና፣ ይህን መቀበል ለአንድ የቤት አስተማሪ ቀላል አይመስለኝም።

በፓሪስ ለነበረው ሊቅ ለሬኦሚር ላከለት፤ በመንገድ አለቁ። እንደ ገና ላከ፤ ደረሱ። ሬኦሚርም በገዛ እጁ ቈርጦ አየ፤ በ1741ም ነገሩን ለፓሪስ አካዳሚ አስታወቀ።

የእንሽላሊት አዲሱ ጅራት እንደ ፊተኛው አይደለም፤ በውስጡ በአከርካሪ ፋንታ እንደ ጆሮ አጥንት የለሰለሰ ቧንቧ አለ። ይህን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ከመጽሐፍ ነው፤ እንሽላሊቷ ግን ከካቡ ሥር ነበረች።