የጌቲስበርግ ነገረ ፈጅ ታዴዎስ ስቲቨንስ

ስለ አብርሃም ሊንከን ያልሰማ የለም። ባርነትን ከአሜሪካ ሕግ ለመፋቅ ከእርሱ ቀድሞ ሲጮህ፥ ከእርሱም ሞት በኋላ ሥራውን ሲገፋ የኖረውን ታዴዎስ ስቲቨንስን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ሰው የታናሽ ከተማ ነገረ ፈጅ ነበረ። ታሪኩን ለሕግ ሰው ሁሉ ከባድ የሚያደርገው፥ በፍርድ አደባባይ ካገኛቸው ድሎች አንዱ አንዲትን ሴት ከነልጆቿ ወደ ባርነት የመለሰ መሆኑ ነው። (የዘመኑ ቍጥር እንደ ፈረንጆች ነው።)

ስቲቨንስ በ1792 በቬርሞንት ግዛት ዳንቪል በምትባል ስፍራ ተወለደ። አንድ እግሩ ከማኅፀን ጀምሮ ቆልማማ ነበረ፤ አባቱም ቤተ ሰቡን ጥሎ ስለ ሄደ እናቱ በብርቱ ድካም አሳድጋ አስተማረችው። በ1814 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄደ፤ ሕግም አጥንቶ በ1816 በጌቲስበርግ ከተማ የጥብቅና ሥራ ጀመረ።

ፔንሲልቬኒያ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥታ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት የሌላ ግዛት ጌታ ባሪያውን በዚያ ምድር ከስድስት ወር በላይ ቢያቆይ ባሪያው አርነት ይወጣል። ቻሪቲ በትለር የምትባል የሜሪላንድ ሴት፥ በፔንሲልቬኒያ በየጊዜው የተቀመጥሁበት ወራት ቢደመር ከስድስት ይበልጣልና እኔም ልጆቼም ነጻ ነን ብላ ተሟገተች። ስቲቨንስ ለጌትየው ቆመ። ሕጉ ስድስት ወር ሲል ሳይቋረጥ ማለቱ ነው እንጂ መምጣትና መመለስ አይደመርም አለ፤ የፔንሲልቬኒያም ላዕላይ ፍርድ ቤት በ1821 ክርክሩን ተቀብሎ ፈረደለት። ነገረ ፈጅ ለባለጉዳዩ መሟገቱ ግዳጁ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነትም ነው። ዳሩ ግን ያ ሕግ የተጻፈው ሰውን ነጻ ለማውጣት ነበረ። በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙን ይዞ ወርቁን ጣለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ማዕድ ላይ ጽዋ አንሥቶ፥ መጪው ፕሬዚዳንት በሰው እግር ላይ ብረት ቆልፎ የማያውቅ ይሁን ሲል ተመኘ። ከጌታቸው ኮብልለው ለሚመጡትም ጥቁሮች ይሟገት ጀመር። በ1838 የፔንሲልቬኒያ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ለጥቁሮች ድምፅ የሚከለክል ቃል ስለ ገባበት፥ የጉባኤው አባል ሳለ አልፈርምም ብሎ ቀረ።

በግዛቱ ምክር ቤት ከሠራው ሁሉ እኔ የማስበልጠው የትምህርቱን ጉዳይ ነው። ቀድሞ ድኻው ልጁን በመንግሥት ወጪ ለማስተማር ድኻ ነኝ ብሎ መመዝገብ ነበረበት፤ ይህን ውርደት ስንቱ አባት ይሸከማል? በ1834 ለሁሉም ልጅ በነጻ የሚያስተምር ሕግ ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ስለ ግብሩ አጕረመረመና በ1835 የግዛቱ ሴኔት ሕጉን ለመሻር ወሰነ። ስቲቨንስ በታችኛው ምክር ቤት ተነሥቶ ተናገረ፤ ሕጉም ሳይሻር ቀረ።

በ1842 ወደ ላንካስተር ከተማ ተዛወረ፤ ከዚያም ተመርጦ በ1849 ወደ ዋሽንግተን ገባ። በ1851 በክርስቲያና መንደር ኮብላዮችን ሊይዝ የመጣ ጌታ በተገደለ ጊዜ፥ በአገር ክዳት ለተከሰሰው ካስትነር ሃንዌይ ከተሟገቱት አንዱ እርሱ ነበረ፤ ሃንዌይም በነጻ ተለቀቀ። የርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ በኮንግሬስ የገንዘብ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኖ ለጦሩ ገንዘብ ያስፈቅድ ነበር። በ1863 የደቡብ ወታደሮች በጌቲስበርግ አቅራቢያ የነበረውን የብረት ማቅለጫውን ሆነ ብለው አቃጠሉበት።

በ1865 መጀመሪያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ባርነትን የሚሽረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ119 ድምፅ በ56 ላይ አሳለፈ። በሚከተለው ዓመት፥ በአገሩ ተወልዶ በሕጉ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው፥ ሕግም ሁሉን እኩል ይጠብቅ የሚለው ማሻሻያ ቀረበ። ከአዘጋጆቹ አንዱ እርሱ ሳለ፥ ለጥቁሮች ድምፅ በግልጥ ስላልሰጠ አዘነበት። ሆኖም የምኖረው ከሰው ጋር እንጂ ከመላእክት ጋር አይደለም ብሎ ድምፁን ሰጠ። በ1821 ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ጕድለት ለባለጉዳዩ ጥቅም ያውለው ነበር። ከጌቶቹ ርስት ተወስዶ ነጻ ለወጡት ይከፈል የሚለው አሳቡ ግን ተቀባይ አላገኘም።

ቅዱስ ነበረ አልልም፤ ቁማር ይወድ ነበር፤ ምላሱም እንደ ምላጭ የተሳለ ነበረ። በ1868 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን በሻረ ጊዜ ለፍርድ እንዲቀርብ ካደረጉት ዋነኛው ነበረ። ታሞ በወንበር ተሸክመው ያስገቡት ነበር። ሴኔቱ ግን በአንድ ድምፅ ጕድለት ጆንሰንን ለቀቀው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ዐረፈ፤ በአልጋው አጠገብ ጥቁሮች ሰባክያን ጸለዩለት። የሌሎቹ መቃብር ቦታዎች ደንብ ጥቁሮችን ስለሚከለክል፥ ሁሉን በሚቀበል በአንድ ታናሽ የላንካስተር መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ይህንኑ ምክንያት በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አስጽፎታል። የከተማው የፓርቲው ሰዎችም መሞቱን እያወቁ ለሚመጣው ምርጫ ዕጩ አድርገው ስሙን አቀረቡ።