ጉዞው የእኛ፣ ደብተሩ የማን?

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በቬኒስ ይኖር የነበረ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ወደ ጣሊያን የሚዘልቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየፈለገ በየት በኩል እንደመጡ፣ ከአንዱ ቦታ እስከ ሌላው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ በመንገዱ ላይ ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ የነገሩትንም ይጽፋል። ማስታወሻው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ክሮፎርድ በተባለ እንግሊዛዊ አዘጋጅነት ታተመ። የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ መንገዶች ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬም የሚገልጠው ይህንኑ ነው። መንገዱን በእግሩ የለካው መነኩሴው ነው፤ ደብተሩ ግን የቬኒሱ ሰው ነው።

የሄድነው እኛ ሆነን የጻፈው ሌላ ሲሆን ምን ይጎድላል? ጥያቄው የጥንት ይምሰል እንጂ ዛሬ በሲያትል ጎዳናዎች ላይም ይነሣል።

በሲያትል መጻሕፍት መደብሮች ለከተማ ጉዞ ተብሎ የተሰናዳ ደብተር ይሸጣል። በኪስ የሚያዝ ነው። በአንዳንዱ መግቢያ ላይ የከተማ ካርታ ይኖራል፤ ከመጨረሻው ሽፋን ውስጥ ቲኬትና ደረሰኝ የሚከተትበት ኪስ አለው። የቀረው ሁሉ ባዶ ገጽ ነው። ከሄዱ በፊት የሚታየውን ያቅዱበታል፣ ከሄዱ በኋላ የታየውን ይመዘግቡበታል። የታተመ የጉዞ መጽሐፍ ሌላ ሰው ያየውን ይነግረናል፤ ይህኛው ግን እኛ እስክንጽፍበት ድረስ ምንም አያውቅም።

ይህን ሥራ በአማርኛ ካስለመዱት ሰዎች ዋነኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ከሄደው መልእክተኛ ቡድን ጋር ነበሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንንና አቴናን ሲጎበኙም አብረው ተጉዘዋል። የዚያ ጉዞ ታሪክ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ወጣ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ ደግሞ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ።

ኅሩይ ከተማን የሚያዩት ጥያቄ ይዘው ነው። ጃፓን ውስጥ ፋብሪካውንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ቤተ መቅደሱንም ሲጎበኙ በልባቸው ያለው አንድ ነገር ነበር፤ ባህሉን ያልጣለ ሕዝብ በአጭር ጊዜ እንዴት እዚህ ደረሰ? ስለዚህ የጻፉት ነገር ለአገር ቤት አንባቢ ትምህርት ሆነ። ከተማን አይቶ መመለስ ፍሬ እንደነበረው የ1916ቱ ጉዞም ይመሰክራል። አልጋ ወራሹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያዩዋቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለሚለው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሱ።

እነዚያው ኅሩይ አሜሪካም ሄደዋል። በ1911 ዓ.ም. ክረምት ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ሆነው የሁለቱን አገሮች ውል ለማደስ መጡ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ተቀበሏቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን አንድ የታወቀ ክበብ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በማዕዱ አላስተናግድም አላቸው። ያ ወቅት በአሜሪካ ከተሞች የዘር ግጭት የነደደበት፣ ጥቁሮች ያለ ፍርድ የሚሰቀሉበት ጊዜ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ስለ እንግዶቹ በጉጉት ጽፈዋል። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ስንናገር አብዛኛውን የምንቀዳው ከእነዚያው የአሜሪካ ጋዜጦች ነው። ጃፓንን በኅሩይ ዓይን እናያለን፤ እነኅሩይን ራሳቸውን በአሜሪካ ግን በሌላ ሰው ዓይን እናያቸዋለን። በደብተር መኖርና አለመኖር መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሲያትል በታሪካችን ውስጥ የገባችው ቆየት ብላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ከደረሱባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከባቸው የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢ፣ የተሠሩት ከሲያትል አጠገብ ሬንተን ውስጥ ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ድሪምላይነር ወደ አፍሪካ መጀመሪያ የገባው በእኛው አየር መንገድ ሲሆን፣ ያም ከዚሁ አካባቢ የተነሣ ነው። ይህ ሁሉ በጋዜጣና በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የንጉሥና የአውሮፕላን ጉዞ ጸሐፊ አያጣም።

ጸሐፊ ያጣው የሌሎቹ ጉዞ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በዚህ ከተማ የነበሩት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ለትምህርት የመጡ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ መመለሻ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ደግሞ ሱዳን ተሻግረው በካምፕ የቆዩ ብዙዎች ወደ ሲያትል መጡ።

ይህ ትውልድ ለምን አልጻፈም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ለሚያውቅ ግን ወቀሳው ይከብዳል። በ1969 ዓ.ም. የአሰሳው ጊዜ አንድ ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። ደብዳቤና ማስታወሻ ተቃጥሏል፣ ሽንት ቤት ተጥሏል፣ ጓሮ ተቀብሯል። ድንበር ሲሻገር ስምና አድራሻ በልብ ይያዝ እንጂ በኪስ አይያዝም። ባዶ ገጽን በጥርጣሬ ማየት ከዚያ የወረስነው ነው።

ያም ሆኖ ሰው ሥራ ሲይዝ ደብተር አላጣም። ስልክ መንገድ ከማሳየቱ በፊት ሲያትል ውስጥ ታክሲ የነዳ ሁሉ ወፍራም የካርታ መጽሐፍ ከጎኑ ነበረው፤ ከየት ተነሥቶ የት እንዳደረሰ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር የሚመዘግብበት ወረቀትም ነበረው። የአውቶቡስ ቁጥር፣ የጽዳት ሥራ የሚገኝበት ሕንፃ፣ የቀበሌ ሰው ስልክ በትንንሽ ማስታወሻዎች ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ያ ሁሉ ተደምሮ ቢገኝ የከተማዋ ሌላ ካርታ በሆነ ነበር። ግን ማን እንደ ታሪክ ቆጥሮት!

መጻፍ ነበረበት የምንልበት ምክንያት ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወገኖቻችን ቀድመው ከሰፈሩባቸውና ከነገዱባቸው ቦታዎች አንዱ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባለው ነው። ይህ ሠፈር ጥቁር አሜሪካውያን በቤት ሽያጭ ውልና በባንክ አድልዎ ታጥረው እንዲኖሩበት የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከነዋሪው ከ70 ከመቶ በላይ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ከሩብ በታች ነው። ቼሪና ጄፈርሰን በሚባሉት ጎዳናዎች ላይ እንጀራና ቡና ያወጡት የእኛ ቤቶች የቆሙት በዚሁ ሠፈር ነው። ኪራይ ሲወደድ ሰዉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሬኒየር ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ተክዊላና ኬንት ገፋ። ሬኒየር ሸለቆም በተራው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ባቡር በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ሲዘረጋ በመንገዱ ዳር የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሱቆች በግንባታው ዓመታት ተጎድተዋል። በጎ ነገርም አልጠፋም። በሬኒየር ጎዳና የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማዕከል ባለበት ቦታ ለአረጋውያን የታሰበ መኖሪያ ተሠርቷል።

የከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት ስለዚህ ለውጥ ብዙ ጽፏል። የመሬቱን ዋጋ፣ የፎቁን ቁመት፣ የተሳፋሪውን ብዛት ያውቃል። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ የሚጠይቅበት ሱቅ የትኛው እንደነበር፣ የለቅሶ ማስታወቂያ የት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንደነበር ግን አያውቅም። ይህን ለመጻፍ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። ስልካችንም አይጽፍልንም። የተዘጋ ቤት ቀስ ብሎ ከስልኩ ካርታ ይወጣል፤ በቦታው አዲስ ስም ይገባል፤ የቀድሞው ምልክት እንኳ አይተርፍም።

ነገሩ የሲያትል ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ ከውጭ ለዕረፍት የገባ ሰው የሚያውቀውን መታጠፊያ ፈልጎ አጥቷል። ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ወላጅ «እዚህ ጋ ነበር» ከማለት በቀር የሚያሳየው እያነሰ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከእኛ ትዝታ ፈጥነው ይለወጣሉ።

እንግዲህ ያ ባዶ ደብተር በእጃችን ቢገባ እንዴት ይሞላ? ከኅሩይ የምንማረው መጀመሪያ ጥያቄ መያዝን ነው። ከግራ በኩል ባለው ገጽ ዕቅዱ ይጻፍ፤ የትኛው ሠፈር፣ በየትኛው አውቶቡስ፣ ምን ለማየት፣ ማንን ለመጠየቅ። ከቀኝ በኩል የሆነው ይጻፍ። ሁለቱ አይገጥሙም፤ ታሪክም የሚገኘው ከዚያው ካልገጠመው ላይ ነው። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይመዝገብ፣ ከዓመታት በኋላ የሚያነብ ልጅ እንዳይሳሳት። የቦታው ስም መዘጋጃ ቤት በሚለው ብቻ ሳይሆን ሰዉ በሚጠራበትም ይጻፍ። የቡናው ዋጋ ይጻፍ። አንድ ሽማግሌ «ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?» ተብለው ይጠየቁ፤ መልሳቸው ከነገሩበት ቀን ጋር ይቀመጥ። ሰውን ሊጎዳ የሚችል ነገር፣ የወረቀት ጉዳይ፣ የቤት ገመና ግን አይጻፍ። ያን ጥንቃቄ ካለፈው መማራችን ትክክል ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይሁንና የሚወረሰው የሚቀመጥበት ሲኖር ነው። የሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት አሉት፤ መሐል ከተማ ባለው ዋናው ሕንፃም የከተማዋ ታሪክ የሚሰበሰብበት ክፍል አለ። ወደፊት አንድ ተመራማሪ እዚያ ገብቶ ኢትዮጵያውያን በዚህ ከተማ እንዴት እንደኖሩ ሲፈልግ የፕላን መሥሪያ ቤቱን ወረቀትና የጋዜጣውን ዘገባ ያገኛል። ከአጠገቡ በአማርኛ የተጻፉ፣ የቡና ጠብታ ያረፈባቸው ጥቂት የኪስ ደብተሮች ቢኖሩ ሥራው ይለወጣል። እነሱን መሙላት ግን የተመራማሪው ፋንታ አይደለም።